ስለ ማን ልበል?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጥር ከዩታዋ ሶልት ሌክ ሲቲ ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እሷም እንደ እኔ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ እንደ እኔም በአፍላነቷ ጌታን የተቀበለች ናት። ጎረቤቶቿ ሞርሞኖች ናቸው። በረዶ በጣለ ቁጥር ገና ለሥራ ሳትነሣ ደጇን ጠርገውላት ይሄዳሉ። ሁለተኛ ልጇን ስትገላገል ተራ ገብተው ምግብ ሲያመላልሱላት ሰነበቱ፤ ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ሕፃኑን አቅፈው ሲያባብሉ አይታ አገር ቤት ያለች መስሏት አለቀሰች። እኚሁ አሮጊት አንድ ቀን የአያቶቿን ስም ጠየቋት። እሷም እንደ ወሎ ልጅ ወደ ላይ ቆጠረችላቸው፤ አንዱ መሐመድ፣ አንዱ ወልደ ማርያም፣ አንዱ ይማም፣ አንዱ ገብሬ። ሴትዮዋ እየተደነቁ ጻፉት። የአክስቴ ልጅ የደነገጠችው ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ሞርሞኖች በቤተ መቅደሳቸው በሙታን ፈንታ ሕያዋንን እንደሚያጠምቁ ሰምታ ነበርና። «እስቲ ንገረኝ፣» አለችኝ፤ «እነዚህን ሰዎች ክርስቲያን ልበላቸው ወይስ አልበላቸው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ሞርሞኖች አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ይላሉ፤ ሦስቱ ግን በፈቃድና በዓላማ እንጂ በባሕርይ አንድ እንደ ሆኑ አያምኑም፤ አብም ሥጋና አጥንት ያለው አካል አለው ብለው ያስተምራሉ። መጽሐፍ ቅዱስን ይቀበላሉ፤ ጆሴፍ ስሚዝ በ1822 ዓ.ም. ያሳተመውን መጽሐፈ ሞርሞንንም ከጎኑ ያኖራሉ። የሚያጠምቁት እኛ በምንጠራው ስም ነው፤ ቢሆንም የብዙ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን ጥምቀት ሳትደግም የምትቀበለው የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእነሱን ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ስትል በ1993 ዓ.ም. ወስናለች፤ ስሞቹ አንድ ሆነው በስሞቹ የሚታመነው ሌላ ነውና። ይህን ሁሉ አንድ ባንድ ዘረዘርሁላት። ቃሉን ከእኛ ወስደዋል፣ ትርጉሙን ግን የራሳቸው አድርገዋል፤ ስለዚህ ውደጃቸው፣ ጸልይላቸው፣ ክርስቲያን ግን አትበያቸው አልሁ። እሷም ዝም አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተናገርሁት ነገር እንደ ተውሶ ልብስ አላስቀምጥ አለኝ። ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ቃሉን ከእኛ ወስደዋል፣ ትርጉሙን ግን የራሳቸው አድርገዋል፦ ስለ እኔ ሲባል የኖረ ነው።

«ክርስቲያን ነህ ወይስ ጴንጤ?» ሐይቅ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊሰድበኝ ፈልጎ አይጠይቅም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ሕዝብ ከመቶው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 29 ያህሉ ኦርቶዶክስ ነው፤ የቀረነው ሁላችን ተደምረን ከመቶ አንድ አንሞላም። ሁለት ቤት ብቻ ባለበት አገር ሦስተኛ ቤት የሠራ ሰው ደጁ ወዴት እንደሚያይ ቢጠየቅ አያስገርምም። ደግሞም «ክርስቲያን» በአገራችን የእምነት መግለጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቢላ ነው፣ ማተብ ነው፣ መቃብር ነው። በወሎ ሰርግ አንዱ በሬ በቢስሚላህ፣ ሌላው በስመ አብ ይታረዳል፤ ወጡ በየድስቱ፣ እንግዳው በየድንኳኑ ነው፤ ሙሽራውን ግን ሁሉም አንድ ላይ ይመርቀዋል። እኔ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሥጋ የጻፈውን ካነበብሁ ወዲህ ከሁለቱም ድንኳን እበላለሁ። ይህ ለእኔ የነፃነቴ ምልክት ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ጎረቤቶቼ እንዴት እንደሚያዩት የገባኝ፦ ከሁለቱም የሚበላ ሰው ለአንዱም ያልታመነ ነው። እኔ ያረድሁትን ደግሞ ከሁለቱም ወገን የሚበላልኝ የለም። ስለዚህ በቤቴ ድግስ ሲኖር አንድ ሙስሊምና አንድ ኦርቶዶክስ ጎረቤት ጠርቼ ቢላዬን አውሳቸዋለሁ፤ በራሴ ማዕድ ላይ በራሴ አምላክ ስም የታረደ ሥጋ ሳይኖር እንግዶቼን አስተናግዳለሁ። በሰፈራችን ቅሬም መዋጮዬን ሳላጓድል እከፍላለሁ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን እተክላለሁ፣ እቆፍራለሁ። እኔ ስሞት ቅሬው ሊቆፍርልኝ ዝግጁ ነው፤ ወዴት ሄዶ እንደሚቆፍር ግን እስካሁን የተነጋገርንበት ነገር የለም።

ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀ የቆየ ስም አለ፦ መናፍቅ። ይህን ቃል ስሰማ ለረጅም ዘመን ቆዳዬ ይኮማተር ነበር፤ አሁን ግን እንደ አሮጌ ሳንቲም እያገላበጥሁ አየዋለሁ። ግዕዙ «ንፍቅ» ግማሽ፣ እኩሌታ ነው፤ እኩለ ሌሊትን መንፈቀ ሌሊት የምንለው፣ የምድርን እኩሌታ ንፍቀ ክበብ የምንለው ከዚሁ ነው። መናፍቅ እንግዲህ የከፈለ፣ ያጎደለ፣ ከሙሉው ተገንጥሎ የቆመ ነው። ከቤቴ ቀኝ ያሉት ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ ቃሉን በዚህ ትርጉም ይጠሩታል። ከቤቴ ግራ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቼም ያንኑ ቃል ከቁርኣን ያውቁታል፤ ሙናፊቅ ይሉታል። ሊቃውንት የዓረብኛው ቃል ከግዕዙ የተወሰደ ነው ይላሉ። ባሕሩን ተሻግሮ ሲመለስ ግን ክፍፍሉ ቦታ ለውጧል፤ ሙናፊቅ ማለት ከሰው የተለየ ሳይሆን ከራሱ የተለየ፣ አፉ አማኝ ልቡ ከሐዲ የሆነ ሰው ነው። የአንዱ ስንጥቅ በሰውየውና በጉባኤው መካከል ያልፋል፤ የሌላው በሰውየው ምላስና ልብ መካከል። ሁለት ትርጉም ቤቴን ከቀኝና ከግራ ይዞት ይኖራል፤ እኔም የመጀመሪያውን ለመቀበል ፈቃደኛ ነኝ። ተለይቻለሁ፤ ስለ ተለየሁም አላፍርም። የምፈራው ሁለተኛውን ነው። ይባስ ብሎም የመጀመሪያውን ለመሸሽ የሚደረግ ሩጫ ሁሉ ወደ ሁለተኛው የሚወስድ ይመስለኛል፤ «ዞሮ ዞሮ ሁላችንም አንድ ነን» እያለ ከሁሉም ጋር የሚስማማ ሰው ከማንም ባለመለየቱ ከራሱ ይለያልና።

ቃል አንድ ሆኖ ትርጉም ሲለያይ ምን እንደሚሆን ለማየት ከሐይቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን ሲወጡ አምባሰል ነው፤ እዚያ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ሃያ አንቀጾች ነበሩት፤ አገር የሚያውቀው ግን 17ኛውን ብቻ ነው። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል»፤ በጣልያንኛው ግን ይህን ለማድረግ ተስማምተዋል፣ ታስረዋል። ምኒልክ በራሳቸው ማኅተም ለጻፉት ደብዳቤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳይዎን በጣልያን በኩል ያቅርቡ የሚል ሆነ። የቀረውን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ እናውቀዋለን። ልጅ ሳለሁ አስተማሪያችን ይህን ታሪክ የትርጉም ስሕተት ታሪክ አድርገው ነገሩን፤ ትምህርቱም ቋንቋ አጥኑ የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ክፋቱ በልዩነቱ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ሁለት ነገር ማለታቸውን ሁለቱም የሚያውቁ ከሆነ ተጣሉም ተወያዩም ያው በአንድ ሜዳ ላይ ቆመዋል። በይስማ ንጉሥ ልዩነቱን ያወቀው አንዱ ወገን ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ ራሱ በሁለተኛው ትርጉም ሙናፊቅ ነበር።

ደግሞስ ያ አንቀጽ ስለ ምን ነበር? ስለ መሬት አልነበረም፤ ስለ ቀረጥም አልነበረም። ስለ ሌላው ማን ይናገራል የሚል ነበር። ይህን ካሰብሁ ወዲህ ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ሌላ መልክ ያዘብኝ። እኔ ሞርሞኖቹን ሳላያቸው፣ ደጅ ሲጠርጉ ሳልሰማቸው፣ አምላክ ሲሉ ምን እንደሚሰማቸው ሳልጠይቃቸው፣ በዓለም ፊት ስለ እነሱ የሚናገር ወኪል አድርጌ ራሴን ሾሜያለሁ። «እነሱ ኢየሱስ ሲሉ እንዲህ ማለታቸው ነው» አልሁ። ጎረቤቶቼ ስለ እኔ የሚሉትም ይኸው ነው፦ «ጴንጤዎች ጌታ ሲሉ እንዲህ ማለታቸው ነው፤ እመቤታችንን ይንቃሉ፤ በብር ተገዝተው ነው።» ስሰማ የሚያቆስለኝ ሐሳቡ ብቻ አይደለም፤ እኔ ሳልልካቸው ስለ እኔ መልእክተኛ መሆናቸው ነው። እዚህ ላይ ግን ራሴን አላታልልም። ሰው ስለ ሌላው እምነት እውነት ነው ወይም እውነት አይደለም ማለት ካልቻለ እምነት የሚባል ነገር ራሱ አይቀርም። አብ ሥጋና አጥንት የለውም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ትሕትና አጥቼ አይደለም፤ ሌላ ብል ውሸታም ስለምሆን ነው። ታዲያ ስለ ትምህርቱ መናገርና ስለ ሰውየው መናገር የሚለያዩት የቱ ጋ ነው? ድንበሩን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ እንደ ሐይቃችን ዳርቻ በክረምት ይገፋል፣ በበጋ ይሸሻል።

ድንበሩን በአዋጅ ለመትከል የተሞከረበት ቦታም ሩቅ አይደለም። ቦሩ ሜዳ ደሴ አጠገብ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ሰብስበው ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ ሲከራከሩበት የኖሩትን ነገር ቆረጡ፤ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ሆኑ። ሸኽ ጦልሃን የመሰሉት እምቢ ብለው ተዋጉ፤ ሌላው ቀን እየቀደሰ ሌሊት እየሰገደ ኖረ ይባላል። የሰው አፍ በትእዛዝ አንድ ሲደረግ ልቡ ሁለት ይሆናል፤ መናፍቅን ለማጥፋት የወጣ አዋጅ ሙናፊቅን ሲያራባ እንዴት እንደሚውል የእኔው አያቶች ያውቁታል።

ጸሎት ቤታችን ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ክራር እመታለሁ፤ ለሐሳቤ ሌላ መንገድ ያሳየኝ ይህ ነው። ማይነር ትዝታ የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። አምስቱን ሳልነካ፣ አንዱን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ብቻ ብለውጥ አምባሰል ይሆናል። የሚሰማው ሰው ግን አንድ ነው አይልም፤ አንዱ ያሳዝነዋል፣ ሌላው ደረቱን ያስነፋዋል። ጸጋ፣ እምነት፣ ሥራ፣ ጥምቀት፣ ምልጃ፤ እናቴ እነዚህን ሁሉ ትጠራ ነበር፣ እኔም እጠራቸዋለሁ፣ የዩታዎቹም ይጠሯቸዋል። የእናቴ ዜማ ቁርባን ላይ ያርፋል። የእኔ ጸጋ ላይ ያርፋል። የሞርሞኖቹን ከሩቅ ሳዳምጠው ቤተሰብ ላይ የሚያርፍ ይመስለኛል፤ ባልና ሚስትን፣ ልጅንና ወላጅን ከሞት በኋላም እንዳይለያዩ የሚያስተሳስር ሥርዓት አላቸውና፤ ለሙታን መጠመቃቸውም ከዚያው የሚመጣ ነው። ይህ ምሳሌ ልዩነቱን አያሳንሰውም። ትዝታ እየተመታ አምባሰል የሚዘፍን ሰው ጨዋታውን ያበላሻል፤ ትዝታ የሚመታውን ሰው ዜማ አታውቅም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከእነዚህ አምስት ድምፆች በአገራችን ብዙ ደም ያፈላው ምልጃ ነው። በኦርቶዶክስና በእኛ መካከል ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የሚመዘዘው ይህ ቃል ነው፤ ክርስቶስ አማላጅ ነው ወይስ ፈራጅ፣ እመቤታችንና ቅዱሳን ያማልዳሉ ወይስ አያማልዱም። እኔ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ምልጃ ግን ምንድን ነው? ስለ ሌላው መናገር ነው። የ17ኛው አንቀጽ ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ አሁን ግን በነገሥታት ፊት ሳይሆን በአምላክ ፊት። በ2004 ዓ.ም. ጉበቴን ታምሜ ደሴ ተኝቼ ነበር። የጸሎት ቤታችን ወንድሞች መጥተው እጅ ጫኑብኝ፤ በኢየሱስ ስም ጸለዩ። ከቤቴ ግራ ያሉት ሸኽዬ ዱበርቲዎቹን ሰብስበው፣ ቡና አስፈልተው፣ ጫት አስቀርበው ሌሊቱን ሙሉ ዱዓ አደረጉልኝ። እናቴ ተሳለች። ዳንሁ። በቀጣዩ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ምስክርነት ስሰጥ የወንድሞቼን ጸሎት ብቻ ተናገርሁ። የሸኽዬን ሌሊትና የእናቴን ስለት አልጠራሁም። ሥነ መለኮቴ ሌሎቹን ሁለት እንደ ምክንያት እንድቆጥር አይፈቅድልኝም፤ ስለ እኔ መናገራቸውን መካድ ግን የትኛውም ሥነ መለኮት አያዝዝም። ያን እሑድ በሁለተኛው ትርጉም መናፍቅ ነበርሁ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ለአክስቴ ልጅ መልስ ስሰጥ ያላወቅሁት አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ሞርሞኖች ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ጾሙ። ጾማቸው ሁለት ምግብ ትቶ ዋጋውን ለተራበ መስጠት ነው፤ የእናቴ ጾም የቅርብ ዘመድ ይመስላል። ከዚያ ቀን ጾም የተሰበሰበው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። ያን ዓመት ኮረምና ባቲ ምን እንደ ነበሩ ለወሎ ሰው አይነገረውም። ክርስቲያን አትበያቸው ብዬ ስፈርድ፣ እነሱ እኔ ልጅ ሳለሁ ማንነታችንን ሳይጠይቁ፣ ሙስሊም ነው ኦርቶዶክስ ነው ሳይሉ፣ ስለ እኛ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው ውለዋል። ጾም ያለ ቃል የሚደረግ ምልጃ ነው ልበል? ቃል ስለሌለው የትርጉም ጠብ አይነሣበትም፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ረሃብ ያው ረሃብ ነው። ይህ ትምህርታቸውን እውነት አያደርገውም። ከዚህ በላይ ማለት የምችለው ነገር ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ በመልካም ሥራ ላይ የሚመሠረት ክርክር በእኛ ዘንድ ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ፣ ጸጋ ላይ የሚያርፍ ሰው ግን ያልተገባውን ስጦታ ሲቀበል ሰጪውን ከመጠየቅ በፊት ሊያመሰግን ይገባው ነበር።

እናቴ በአርባ ቀኔ አስጠምቃኛለች። ጌታን በተቀበልሁ በዓመቱ ወንዝ ወርጄ ተጠመቅሁ። ከወንዙ ስመለስ ደስታዬን ላካፍላት ብዬ ነገርኋት። እንጀራ እየጋገረች ነበር፤ አክንባሎውን ምጣዱ ላይ ገጥማ፣ «ያኛውስ?» አለችኝ። «ያኛው ጥምቀት አልነበረም፣ እማ። እኔ አላመንሁም ነበር፤ ስለ እኔ ሌላ ሰው ነው ያመነው።» ሌላ ሰው ያልሁት እሷን ነው። ያን ጊዜ የነገርኋት የካቶሊክ ሊቃውንት ስለ ሞርሞኖች ካሉት፣ የሐይቅ ካህናትም ስለ እኔ ከሚሉት አይለይም፦ ውሃው ውሃ ነበር፣ ቃሉም ቃሉ ነበር፣ ጥምቀት ግን አልነበረም። ዛሬም ሰው በራሱ እምነት ይጠመቃል ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ ሰው ስለ እኔ ማመኑ ግን ምንም ነው ማለት ያኔም አልነበረብኝም። እናቴ አልመለሰችልኝም። አክንባሎውን አንሥታ እንጀራውን አወጣች።

ከሞተች አርባ ቀን ካለፈ በኋላ እትዬ፣ የሸኽዬ ባለቤት፣ ጠሩኝ። «አማና አለብኝ፣» አሉ፤ «አደራ በላ ሆኜ እንዳልሞት።» ያን በታመምሁ ጊዜ እናቴ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ዣንጥላ ተስላ ነበር። ሳትከፍል ዘመናት አለፉ፤ ገንዘቡ ሲሞላ ሌላ ችግር ይመጣል። እሷ ራሷም ብትሆን ገዳሙ ውስጥ ሴት ስለማይገባ ዕድሜዋን ሙሉ ስለቷን የምትልከው በሰው እጅ ነበር። መጨረሻ ላይ ለእኔ መንገሩን ፈርታ ለእትዬ ነገረች፤ ሙስሊም ጎረቤቷ የማያምኑበትን ስለት በአደራ ተቀብለው ያዙላት። «እትዬ፣ እኔ እኮ በዚህ አላምንም፣» አልሁ። «እኔስ አምንበታለሁ እንዴ?» አሉኝ። «የተሳለችው ለአንተ ነው፤ የተሳለችው ግን እሷ ናት። አብሽር፣ አስብበት።» አሰብሁበት። ብከፍል እጄ የሚሰጠውን ልቤ የማያምን ሙናፊቅ እሆናለሁ። ባልከፍል እናቴ ስለ እኔ የተናገረችውን ቃል መሬት ላይ እጥላለሁ። ለሞተ ሰው ሕያው ሰው ምንም ሊያደርግለት አይችልም ብዬ አስተምራለሁ፤ በዩታ ቤተ መቅደስ በሙት ስም ውሃ ውስጥ የሚገባውን ወጣት ያወገዝሁትም በዚሁ ነበር። ጸሎት ቤት ውስጥ የማከብረውን አንድ ሽማግሌ ጠየቅኋቸው፤ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዕዳ ከሆነ ዕዳ ነው፤ ለማን እንደምትከፍል ብቻ ለራስህ አትዋሽ» አሉኝ።

ለአክስቴ ልጅ መልሼ ደወልሁ። የመጀመሪያውን መልሴን አልሰረዝሁም፤ ትምህርታቸው ከሐዋርያት የተቀበልነው ነው ብዬ እንደማላምን ደግሜ ነገርኋት። የቀረውን ግን ሴትዮዋን ራሳቸውን ጠይቂያቸው አልኋት፤ ስለ እነሱ እኔን አትጠይቂኝ። የአያቶቻችንን ስም በተመለከተ ምን ልበል ብላ ስትጠይቀኝ፣ ይማምና ወልደ ማርያም አንድ መዝገብ ላይ መዋላቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚህም በእኛ ደም ውስጥ አብረው ናቸው አልኋት። ፍርሃቷ እንዳልተወገደ ድምፅዋ ይነግረኝ ነበር፤ የእኔም አልተወገደም።

ዣንጥላውን ደሴ ገዛሁት፤ ቀይ ከፋይ፣ ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ። በጋዜጣ ጠቅልዬ በሐይቁ ዳር ወደ ገዳሙ ሄድሁ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ቤት ያደረጉት፣ ለገዳሙ ያጻፉት ወንጌልም እስከ ዛሬ የሚነሣበት ቦታ ነው፤ የወንጌል አማኝ የምንባለው እኛ ከመምጣታችን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ። የአባም ስም «ኢየሱስ አሸነፈ» ማለት ነው፤ እኛ እጃችንን አንሥተን የምንዘምረው። እስጢፋኖስም ስለሚወግሩት ሰዎች የጸለየው ነው። በሩ ላይ አንድ መነኩሴ ተቀበሉኝ። ሳልጠየቅ፣ «አባቴ፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። ዣንጥላው የእናቴ ስለት ነው፤ አርፋለች» አልኋቸው። ጋዜጣውን ፈትተው ዘርፉን በእጃቸው ዳሰሱት፤ መዝገባቸውን አወጡ፤ የእናቴን ስም ጠየቁኝ፣ ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶአቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ቀና ብለው አዩኝ።

«ስለ ማን ነው የተሳለችው? ስለ ማን ልበል?»

«ስለ እኔ ነው።»

«ስመ ክርስትናህ?»

ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያልጠራኝን ስም ነገርኋቸው።